የኮሶ በር እጣቢ ወዴት ይሄዳል?

ሰው ሁሉ ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠብና ውኃውን ይደፋል። እናቶቻችን የዕቃውን እጣቢ፥ እኅቶቻችንም የልብሱን እጣቢ ወደ ደጅ ይረጫሉ። ውኃው መሬት ነክቶ ሲሰርግ ወይም በቦይ ቁልቁል ሲወርድ ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። ነገር ግን ከዐይን የተሰወረ ሁሉ የጠፋ አይደለም። ውኃው ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ከበታቻችን ካለው ምንጭ ጋራ ይቀላቀላል፤ እዚያም ሌላ እናት እንስራዋን ወይም ጀሪካኗን ይዛ ትጠብቀዋለች።

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት፥ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ መጻፍ ይቀልለን ነበር። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በዙፋንና በጦር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በምንጩና በጓሮውም ይነገራል። ስለዚህ ስለ እድፍ ውኃ ታሪክ፥ ይልቁንም እንደ እኛዋ እንጅባራ ያለች ትንሽ ከተማ እድፍ ውኃዋን እንዴት ልትይዝ እንደሚገባት ለመጻፍ ቈረጥን። አርእስቱ የሚያስቅ ወይም የሚያሳፍር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን በትሕትና እንለምናለን።

ይህን አርእስት ያስመረጠን አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት የሰኔ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ከክፍላችን ልጆች አንዱ በአንጀት ተስቦ ታመመ። ፈተናው ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገንና ድኖ ተመለሰ፤ ነገር ግን እኛ ወደ ላይኛው ክፍል ስናልፍ እርሱ እዚያው ቀረ። በኋላ ልጁ ይቀዳበት ወደ ነበረው ምንጭ ወርደን አየን። ከምንጩ ሽቅብ ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ የሽንት ቤት ጕድጓዶች አሉ። ሕመሙ ከዚያ ምንጭ መምጣቱን ማንም በምርመራ አላረጋገጠም፤ እኛም በማንም ላይ አንፈርድም። ጕድጓዱን የቈፈረው ሰው ለንጽሕና ብሎ ቈፈረ፤ ልጁም ጠምቶት ቀዳ። በሁለቱ መካከል በመሬት ውስጥ ያለውን መንገድ ግን ሁለቱም አላዩትም። ይህ ጽሑፍ ያን የማይታይ መንገድ ፍለጋ ነው።

ስለ ከተማችን የቀድሞ ስም

ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል ነበር። ስሙ ኮሶንና በርን የያዘ ነው። ኮሶ በደጋ አገር የሚበቅል፥ አበባው እንደ ዘለላ ቍልቍል የሚንጠለጠል ትልቅ ዛፍ ነው። ይህም ዛፍ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንደ ኮሶ መድኃኒት ሆኖ ያልገባበት ቤት የለም ለማለት ያስደፍራል። አባቶቻችን የደረቀውን አበባ ወቅጠው፥ በውኃ ወይም በጠላ በጥብጠው በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። የሚጠጣበትም ምክንያት ከአንጀት ውስጥ ያለውን ረጅም ትል ለማስወጣት ነው። ትሉም በመድኃኒቱ ስም ኮሶ ተባለ። በዚያን ቀን እንግዳ ቢመጣ ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል ይባላል፤ እንግዳውም ሳይቀየም ይመለሳል። የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ሊያዋርዷቸው መሞከራቸውም የታወቀ ነው። ስድቡ ስለ ንግሥናቸው ምንም አይነግረንም፤ ኮሶ በየገበያው ይሸጥ እንደ ነበረ ግን ይመሰክራል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአገውን ምድር አቋርጦ ወደ ግሽ ዓባይ መጥቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ስለ ኮሶ ዛፍና ስለ መድኃኒትነቱ ለአውሮፓ ሰዎች ጻፈ። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞችም ይህን የደጋችንን አበባ ተቀብለው ለሕመምተኞቻቸው ያዝዙ ጀመር። በዚህ ልንኰራ ይገባናል።

ነገር ግን ከኵራታችን ጋራ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሕዝባችን ለምን ደጋግሞ ኮሶ ይጠጣ ነበር? መድኃኒቱ ትሉን ካስወጣ ትሉ ከየት ይመለስ ነበር? መልሱ በ1861 ገደማ በጀርመን አገር ተገኘ። ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለው ሊቅ የትሉን ቍራጭ ለጥጃ አብልቶ፥ በጥጃው ሥጋ ውስጥ የትሉ ሽል ሲያድግ አሳየ። እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው፤ ትል ያለበት ሰው ሜዳ ሲወጣ የትሉ እንቍላል በሣሩ ላይ ይቀራል፤ ላሙ ሣሩን ይግጣል፤ ከእንቍላሉ የሚወጣው ሽል በላሙ ሥጋ ውስጥ ይሰፍራል፤ ሰውም ሥጋውን ጥሬውን ሲበላ ትሉ እንደ ገና በአንጀቱ ያድጋል።

አባቶቻችን መድኃኒቱን አወቁ፤ መንገዱን ግን አልዘጉትም። ኮሶ ጠጥተው ያስወጡት ትል ሜዳ ላይ ወድቆ ተመልሶ ወደ ማዕዳቸው ይመጣ ነበር። ለሽንት ቤት የሚሆን ቃል እንኳ በቋንቋችን ቀድሞ ሜዳ መውጣት፥ ደጅ መውጣት ነበረ። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም፤ በዚያን ዘመን የትኛውም አገር ሊቅ ይህን አያውቅም ነበርና። እኛ ግን አውቀናል። ያወቀ ሰው ያላወቀውን ያህል ምክንያት የለውም።

የጥንት ሰዎች ምን አደረጉ?

እድፍን ከሰፈር ማራቅ አዲስ ትምህርት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም የሙሴ ሕግ እስራኤል ከሰፈር ውጭ ወጥተው፥ መሬቱን ቈፍረው፥ እድፋቸውን በአፈር እንዲሸፍኑ ያዝዛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ በኢንዱስ ሸለቆ የነበረችው የሞሄንጆ ዳሮ ከተማ ከየቤቱ የሚወጣውን ውኃ በጡብ በተሠራ የተሸፈነ ቦይ ታወጣ ነበር። ሮማውያንም ታላቁን ቦያቸውን ሠርተው ወደ ቲበር ወንዝ ለቀቁት።

በአገራችንም ውኃን በሥርዓት መምራት የታወቀ ጥበብ ነበር። ላሊበላን የጐበኘ ሰው ሕንጻውን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ነገር ግን ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በጕድጓድ ውስጥ ስለ ሆኑ፥ ጠራቢዎቹ ለክረምቱ ዝናብ መውረጃ ቦይ ባይቈርጡላቸው ኖሮ ዐደባባዩ ኵሬ ይሆን ነበር። ያ ቦይ ለዝናብ እንጂ ለእድፍ ውኃ አልነበረም። ቢሆንም ውኃ መንገድ ካልተሰጠው የራሱን መንገድ እንደሚያበጅ ጠራቢዎቹ ማወቃቸውን ያሳያል።

የለንደን ትምህርት

ትላልቅ ከተሞች እድፍ ውኃን በቁም ነገር ማየት የጀመሩት ብዙ ሕዝብ ካለቀባቸው በኋላ ነው። በ1854 በለንደን ከተማ በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 ሰው በላይ ገደለ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ ሽታና በአየር ይመጣል ይሉ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት በየመንገዱ ቈጥሮ፥ አብዛኞቹ ከአንድ የውኃ መሳቢያ የቀዱ መሆናቸውን አገኘ። የመሳቢያው እጀታ እንዲነቀልም አስደረገ። ኋላም ከጕድጓዱ አጠገብ የእድፍ ማጠራቀሚያ እንደ ነበረ ታወቀ። ይህን ታሪክ ስናነብ የጓደኛችን ምንጭ ትዝ አለን።

በ1858 በጋ የቴምስ ወንዝ ሽታ የፓርላማውን ሥራ እስኪያውክ ድረስ ከረፋ። ከዚያ በኋላ ጆሴፍ ባዛልጄት የተባለው መሐንዲስ ከተማዪቱን በምድር ውስጥ በሚያልፍ ታላቅ የቦይ መስመር አጸዳት፤ ኮሌራም ከለንደን ጠፋ። ሰው ሁሉ ይህን ያደንቃል። ነገር ግን ከታሪኩ የሚዘለል አንድ ክፍል አለ። ቦዩ እድፉን አላጠራውም፤ ከከተማው በታች ወስዶ ወደዚያው ወንዝ ደፋው እንጂ። በመስከረም 1878 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የመዝናኛ መርከብ እድፉ ከሚለቀቅበት ስፍራ አጠገብ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ600 ሰው በላይ ሞተ። ውኃ ውስጥ የወደቁት ሰዎች የወደቁት በዚያ በተለቀቀ እድፍ መካከል ነበር። ከዚህ በኋላ ነው እድፍን ከራስ ደጅ ወደ ጎረቤት ደጅ ማዛወር ማጽዳት እንዳልሆነ የገባቸው።

ማጥራት ማለት ምን ማለት ነው?

እንግዲህ እድፍ ውኃ እንዴት ይጠራል? ብዙ ሰው በመድኃኒት ይመስለዋል። ሥራውን የሚሠሩት ግን ባክቴሪያ የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። እነርሱ በውኃው ውስጥ ያለውን ብስባሽ ይበሉታል፤ ሲበሉም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። ብዙ እድፍ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ሲገባ ዓሣ የሚሞተው ስለዚህ ነው፤ የሚተነፍሰው አየር ያልቅበታል። ማጥሪያ ማለት ወንዙ ሊሸከመው የማይችለውን ይህን ሥራ በአንድ በተከለለ ስፍራ አስቀድሞ መፈጸም ነው።

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በሎረንስ ከተማ ከ1887 ጀምሮ ሊቃውንት እድፍ ውኃን በአሸዋና በጠጠር ላይ እያንጠባጠቡ ሲመረምሩ፥ በጠጠሩ ላይ የሚያድጉት ሕያዋን ውኃውን እንደሚያጠሩት አዩ። በ1914 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት ሰዎች በእድፍ ውኃው ውስጥ አየር እየነፉ የባክቴሪያውን ዝቃጭ ደጋግመው በመጠቀም ሥራውን በሰዓታት እንዲያልቅ አደረጉ። ይህ ዘዴ ዛሬ በትላልቅ ከተሞች የሚሠራበት ነው፤ ነገር ግን ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ለትንንሽ ከተሞች ደግሞ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አለ፤ እርሱም ኵሬ ነው። ውኃው ከአንዱ ኵሬ ወደ ሌላው በራሱ ቍልቍለት ይሄዳል። የመጀመሪያው ኵሬ ጥልቅ ነው፤ ከባዱ ነገር ወደ ታች ዘቅጦ ያለ አየር ይበሰብሳል። ሁለተኛው ጥልቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር የሚሆን ሰፊ ኵሬ ነው። በዚህ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል፤ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ለባክቴሪያው ይሰጣል፤ ባክቴሪያውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአልጌው ይመልሳል። እንደ ደግ ጎረቤቶች ይበዳደራሉ። በመጨረሻው ኵሬ የፀሐይ ብርሃን የበሽታውን ተዋሕስያን ይገድላል። የትል እንቍላልም ከውኃ ስለሚከብድ ቀናት ሲሰጡት ወደ ታች ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ባወጣው መመሪያ ለመስኖ የሚውል እንዲህ ያለ ውኃ በአንድ ሊትር ከአንድ የትል እንቍላል በላይ እንዳይኖርበት መክሯል። የኮሶ ትል መንገድ የሚዘጋው እንግዲህ በዚህ ነው።

የአገራችን ጕዞ

በኢትዮጵያ ውኃን በቧንቧ ማምጣት ከእድፍ ውኃ ማጥራት እጅግ ቀድሟል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፥ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አወረደ። ውኃ ገብቶ ሲያልቅ ግን መውጫ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሁለተኛው አሳብ ብዙ ዘመን ዘገየ።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ራስ ተፈሪም ታመው በጭንቅ ተረፉ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሕዝቡ ከየቤቱ ጥራጊ አውጥቶ የሚያቃጥልበትና ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ ከዚህ መዓት መታሰቢያ ጋራ የተያያዘ ነው። ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ የሚተላለፍ በመሆኑ ጭሱ በሽታውን አላጠፋው ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ቆሻሻና ሞት ዝምድና እንዳላቸው ተረድቶ በአንድ ቀን በአንድነት ደጁን መጥረጉ ታላቅ ነገር ነው። ልማዱ የጐደለው በዓመት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ከተሞች በሕግ እንዲተዳደሩ መሠረት ጣለ። በ1953 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በሚከተለው ዓመት የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋራ ሳኒታሪያን የተባሉ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠለጠነ። እነዚህ ሰዎች ምንጭ እንዲከለል፥ ሽንት ቤት እንዲቈፈር እያስተማሩ በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማሩ። መርፌ የያዘ ሐኪም በሕዝብ ዘንድ ይከበራል፤ አካፋ አስይዞ የሚያስቈፍረው ሳኒታሪያን ግን ያን ያህል አልተዘመረለትም። እኛ በዚህ ጽሑፍ እናመሰግነዋለን።

አዲስ አበባ የውኃና የፍሳሽ ባለሥልጣን ያቋቋመችው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1970ዎቹ በቃሊቲ የማጥሪያ ኵሬዎች ተሠሩላት። እነዚያ ኵሬዎች በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ያህል እንዲቀበሉ የታሰቡ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጠራ አዲስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ይህ ትልቅ ደረጃ ነው፤ ሆኖም በዋና ከተማችን እንኳ ብዙው ቤት ከመስመሩ ጋራ ያልተገናኘና በጕድጓድ የሚጠቀም ነው።

ለገጠሩ ሕዝብ ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው በቧንቧ ሳይሆን በእግር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ባለሙያዎችን መደበ። ሥራው ሲጀመር ያስተምሯቸው ከነበሩት 16 የጤና ትምህርቶች 7ቱ ስለ ንጽሕናና ስለ አካባቢ ጤና ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ሒሳብ፥ በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ የሚወጡ ነበሩ፤ በ2015 ይህ ቍጥር ወደ 29 ወርዷል። በሩብ ምእተ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ያሳየ አገር ጥቂት ነው። ይህን ያደረጉት በየበሩ እየቈሙ «እትዬ፥ የእጅ መታጠቢያው የት አለ?» እያሉ የጠየቁት ወጣት ሴቶች ናቸው።

ሥራው ግን አላለቀም። በ2015 ዓ.ም. በቋራ ወረዳ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት የጠበል ስፍራ ኮሌራ ተነሥቶ ሰው ገድሏል። ብዙ ሰው ተሰብስቦ የእድፉ መውጫ ሳይታሰብ ሲቀር፥ በ1854 በለንደን የሆነው ዛሬም በእኛ ላይ ይሆናል።

እንጅባራ ምን ታድርግ?

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ያለች፥ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። የዞን ዋና ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል፤ በየዓመቱ ቤቱም ሰውም ይጨምራል። እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ትንንሽ ከተሞች እድፏን የምትይዘው በየግቢው በሚቈፈር ጕድጓድ ነው። ጕድጓድ ክፉ ነገር አይደለም፤ ከሜዳ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ሦስት ጠባዮች አሉት። በክረምት ውኃ ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ ሲቀርብ ጕድጓዱ ከውኃው ጋራ ይገናኛል። ከምንጭ በላይ ከተቈፈረ ወደ ምንጩ ይሰርጋል፤ ባለሙያዎች ከውኃ ጕድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ደግሞም ይሞላል፤ ሲሞላ ወይ ሌላ ይቈፈራል፥ ወይ በመኪና ይመጠጣል። የተመጠጠውስ የት ይደፋል? መኪናው እርሻ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ከደፋው፥ ጕድጓዱን መቈፈራችን ሜዳ መውጣታችንን ጥቂት ዓመት አዘገየው እንጂ አልለወጠውም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን እንደ አዲስ አበባ መስመር ይዘርጋልን ይላሉ። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን በቧንቧ መስመር እድፍን ለመውሰድ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት መስመሩን የሚገፋ ውኃ የለም፤ መስመሩም ይደፈናል። ስለዚህ ለትንሽ ከተማ የመጀመሪያው ደረጃ መስመር ሳይሆን የጕድጓዱን ዝቃጭ በሥርዓት መቀበያ ስፍራ ነው። ይህም ከባድ ጥበብ አይደለም። አሸዋና ጠጠር በተነጠፈበት መደብ ላይ ዝቃጩ ይፈስሳል፤ ፈሳሹ ወደ ታች ተንጠባጥቦ ወደ ኵሬ ይሄዳል፤ ወፍራሙ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው ከገለባና ከቅጠል ጋራ ተከምሮ በራሱ ሙቀት በደንብ ሲብላላ የትሉ እንቍላል ይሞታል፤ ለገብሱና ለድንቹ መሬት ማዳበሪያ ይሆናል። ሳይብላላ ወደ ድንች መሬት ከገባ ግን የኮሶን ታሪክ እንደ ገና መጀመር ነው።

ስለ ኵሬም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በብርድ አገር ባክቴሪያ በዝግታ ይሠራል። የእንጅባራ ሌሊት ብርቱ ብርድ ስላለው ኵሬዎቻችን ከቈላ አገር ኵሬዎች ሰፋ ማለት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ከሁሉ በላይ መሬት ነው፤ ይኸውም ከከተማው በታች፥ ከምንጭና ከቤት የራቀ፥ ውኃ በራሱ የሚወርድበት መሬት። እንዲህ ያለ መሬት ዛሬ አለን። ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን በወርቅም አይገኝም። አዲስ አበባ ዘግይታ በብዙ ወጪ የምትሠራውን እኛ ገና ትንሽ ሳለን በጥቂት ልንጀምረው እንችላለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሕጉም ከእኛ ጋራ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የ1992ቱ የኅብረተሰብ ጤና ዐዋጅ ቍጥር 200 እና የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 300 እድፍን እንዳገኙ መድፋትን ከልክለዋል። ዐዋጅ ግን ጕድጓድ አይቈፍርም፤ ሰው ነው የሚቈፍረው።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ማሰብ ይገባል። ከአዊ ደጋ የሚነሡት ወንዞች ከፊሎቹ በግልገል ዓባይ ወደ ጣና፥ ከፊሎቹም በሌላ መንገድ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እንቦጭ የሚወፍረው ከእርሻና ከከተማ በሚወርድ ፍግ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ከምንጩ ራስ ላይ የተቀመጥን እኛ ውኃውን አድፈን ከላክነው፥ የዓባይን ልጅ የምናስጠማው እኛው ራሳችን ነን።

መደምደሚያ

ጽሑፋችንን ከመጨረሳችን በፊት እኛም ንጹሓን አለመሆናችንን እንመሰክራለን። በትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ ሸተተን ብለን ወደ አጥሩ ጥግ የሄድን፥ በቧንቧው ሥር ዕቃ አጥበን እጣቢውን እዚያው የደፋን፥ የጕድጓዱን ክዳን ሳንመልስ የሮጥን እኛው ነን። ይህን ስንጽፍ መምህራችን ሳይቀጡን ራሳችን ራሳችንን ቀጥተናል።

ወላጆች ሆይ፥ አዲስ ጕድጓድ ስትቈፍሩ ቍልቍል ተመልከቱ፤ ምንጭ አለን? የማን ልጅ ይቀዳበታል? ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን ሆይ፥ ስለ ባክቴሪያ በሰሌዳ ላይ ስታስተምሩን አንድ ቀን ወደ ምንጩ አውርዳችሁ አስተምሩን፤ ያን ቀን የምንማረውን አንረሳውም። የከተማችን አስተዳዳሪዎች ሆይ፥ በከተማው ፕላን ላይ ለገበያና ለመናኸሪያ ስፍራ ስትመድቡ ለእድፍ ውኃም ስፍራ መድቡለት።

ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን ደግሞ ይህን መጽሔት ባገኛችሁ ጊዜ ወደ ታችኛው ምንጭ ወርዳችሁ እዩ። ምንጩ ተከልሎ፥ ከበላዩ ያለው ጕድጓድ ተዛውሮ ካገኛችሁት፥ ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል በአንጀት ተስቦ አንድ ዓመት የተበላሸበት አንድ ልጅና ጓደኞቹ እንደ ነበሩበት አስቡ። እንደ ቀድሞው ካገኛችሁት ግን አካፋውን አንሡ፤ ተራው የእናንተ ነው። አባቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ትሉን አስወጡ፤ እኛ መንገዱን አወቅን፤ መዝጋቱ ለሁላችንም ቀርቷል።